የአክስቴ ረጃጅም ስሞች

አክስቴ ከውጫሌ በሚኒባስ መጥታ ሐይቅ ከተማ ያለው ቤቴ ስትደርስ ዲስኩን በሻርፗ ጠቅልላ፣ እንደታመመ ሕፃን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ነበር። ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ሞቷል ወይስ ተኝቷል? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አለች።

መዳፍ የሚያክል ጥቁር ዲስክ ነው። ዓረብ አገር በሄደች በመጀመሪያው ዓመት ገዝታው፣ እስክትመለስ ድረስ እኛ ከዚህ የላክንላትን ሁሉ ስትገለብጥበት ኖራለች። የሄደችው ልጇን ለእናቴ ትታ ነበር። ልጅቷ በእኛ ቤት፣ ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ እየተኛች ስላደገች የአክስቴ ልጅ ናት ማለት ይከብደኛል፤ ታናሽ እህቴ ናት። ጥርሷ ሲነቀል፣ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹን በጥያቄ ስታሰለች፣ ሁሉንም በስልክ እየቀረጽን እንልክ ነበር። አሁን ልጅቷ ልታገባ ነው። አክስቴ በሴቶቹ ግብዣ ላይ ያን ሁሉ በትልቅ ቴሌቪዥን ለማሳየት ቆርጣ፣ ባትሪው በሞተ የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክታ ወደ ፍላሽ ስታስገለብጥ መብራት ሄደ። መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ ዲስኩ ግን አልከፍት አለ።

«አብሽሪ» አልኳት። «ደህና ቦታ ነው ያመጣሽው።»

ይህን ያልኩት እንዲያው ለማጽናናት አልነበረም። እንጀራዬን የማገኘው ርቆ ላለ ድርጅት ፕሮግራም በመጻፍ ነው፤ ትርፍ ጊዜዬን የምሰጠው ግን ለአንድ የዲስክ ጠጋኝ ፕሮግራም ነው። ማንም ሰው ኮዱን አንብቦ የሚያስተካክለው፣ ከየአገሩ የተሰባሰብን ሰዎች በነፃ የምንሠራበት ነው። አንዱ ስህተት ያገኛል፣ ሌላው ያርማል። እኔ ደግሞ ማጽዳት እወዳለሁ። የተዝረከረከ ኮድ ሳይ እጄን ይበላኛል።

አክስቴ አልገባትም። «ዲስኩ ውስጥ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«የውጫሌን ገበያ አስቢው። ማሽላ የት እንደሚሸጥ፣ ሽንኩርት የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሁሉ ድንገት ቢረሳው ዕቃው ሁሉ እያለ ማንም ምንም አያገኝም። ዲስክም ውስጥ ምኑ የት እንዳለ የሚያውቅ ሥርዓት አለ። መብራቱ ሲሄድ የተበላሸው እሱ ነው። የእኛ ፕሮግራም እየዞረ መንገዱን መልሶ ያስተካክላል።»

«እና ለዚህ ሥራ ይከፍሉሻል?»

«አይከፍሉኝም።»

«ሰደቃ ነው በይኛ!» ፊቷ በራ። «በሰደቃ የተያዘ ነገር አይበላሽም፤ ጀምሪ።»

አልጀመርኩም። የታመመ ዲስክ ላይ በቀጥታ እጅ አይጫንም፤ መጀመሪያ እንዳለ ይገለበጥና ጥገናው በግልባጩ ላይ ይሠራል። ለግልባጩ ደግሞ ትልቅ ዲስክ ያስፈልጋል፤ እኔ ዘንድ አልነበረም። ማን ዘንድ እንዳለ ግን አውቃለሁ። ሐይቁ ዳር ባለው ገዳም ውስጥ ያሉ አንድ መሪጌታ የብራና መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሱ ያስቀምጣሉ፤ ኮምፒውተራቸው ባመፀ ቁጥር የሚጠሩት እኔን ነው። ገዳሙ ሴት አይገባበትምና ሁልጊዜ የምንገናኘው በሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን እሳቸው ተሸክመው ይወጣሉ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ቆመው የሐይቁን ወፎች እያዩ ይጠብቃሉ።

ደወልኩላቸው። «ባዶ ዲስክ አለኝ፤ ለምን ፈለግሽው?» አሉኝ።

«ለሰርግ ነው መሪጌታ።»

«ሰርግ ከሆነማ እኔው ይዤው እመጣለሁ። ከተማ የምወጣበት ጉዳይም አለኝ።»

እውነትም በማግስቱ መጡ። አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለቻቸው፤ ገና ሳይቀመጡ የዲስኩን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። እኔ ገልብጬ እስክጨርስ ሁለቱ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ሙሽራው ቤተሰብ፣ ስለ ዘንድሮው ማሽላ ተጫወቱ። ግልባጩ እንዳለቀ ፕሮግራሙን ጀመርኩት። የፋይሎቹ ስም በተራ በተራ ስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር፣ አክስቴም እጇን ወደ ላይ አንሥታ ዱዓ ያዘች።

ከዚያ ፕሮግራሙ ወደቀ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ ምክንያትም አልሰጠ፤ ቆመ።

«ጨረሰ?» አለች አክስቴ።

«አልጨረሰም» አልኩ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ደህና ቦታ ነው ያመጣሽው ብዬ ነበራ።

እንደገና ጀመርኩት፤ እዚያው ቦታ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። ነገሩ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚወድቅ ስህተት ቤቱ የታወቀ ሌባ ማለት ነው። ፕሮግራሙ እርምጃውን ሁሉ እየተናገረ እንዲሄድ አድርጌ አስኬድኩት፤ የሚወድቀው አንድ ፋይል ላይ ሲደርስ እንደሆነ ታየኝ። የፋይሉን ስም በሌላ መንገድ አውጥቼ ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁት።

መሪጌታው መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ልጄ ትምህርት ቤት የገባች ቀን ነው ዩኒፎርሙ ሰፍቷታል ግን አላህ ያሳድጋት ይሞላል እህቴ ሽሩባዋን ጎንጉናላታለች ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል ምክንያቱም የያዘው ሰው እየሳቀ ነው ከሐይቅ የተላከ።» ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ። «ይሄ ስም ነው ወይስ ድርሳን?»

«ታዲያ ምን ልበለው?» አለች አክስቴ። «ቪዲዮ አንድ፣ ቪዲዮ ሁለት ልበል? እዚያ ብቻዬን ነኝ፤ ስሙን ባነበብኩ ቁጥር ሰው ያወራኝ ይመስለኛል። እርስዎስ መጽሐፍ ሲጽፉ አሳጥረው ነው?»

«እኛማ ከዚህም እናስረዝማለን» አሉና ሳቁ።

እኔ ግን ስሙን እያየሁ ሌላ ነገር ገባኝ። ያንን ክፍል የጻፈው ሰው የፋይሉን ስም ለማሳየት ልክ ያለው ቦታ አዘጋጅቷል። ቦታው ለእንግሊዝኛ ስም ሞልቶ ይተርፋል፤ በዚያ ቋንቋ አንዱ ፊደል የሚይዘው አንድ ቦታ ነዋ። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ቦታ ይይዛል። አጭር የአማርኛ ስም ምንም አይልም። የአክስቴ ስም ግን እንደሞላ ጀሪካን ገነፈለና የፕሮግራሙን ወለል አጥለቀለቀው።

ይህን ስነግራት ደነገጠች። «ስለዚህ ዲስኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ? በወሬዬ?»

«አይደለሽም። ዲስኩን ያበላሸው መብራት ነው። ዲስኩ ራሱ ይህን ያህል ረጅም ስም ይፈቅዳል። ጥፋቱ የእኛ ፕሮግራም ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔማ ምላሴ ሰበረው ብዬ።»

ማስተካከያው አጭር ነበር፤ ቦታውን ማስፋት ነው። አስፍቼ አስኬድኩት። የዩኒፎርሙን ቪዲዮ አለፈ። አክስቴ እልል አለች። እልልታው ሳያልቅ ፕሮግራሙ ትንሽ ወረድ ብሎ እንደገና ወደቀ።

አሁንም ያው ስህተት ነው። ኮዱን ሳገላብጠው ያችኑ ጠባብ ቦታ አንድ ሰው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየገለበጠ ሲለጥፋት ኖሯል። አንዷን ባስተካክል ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። እንዲህ ሲሆን መጥረጊያ ማንሣት ግድ ነው። የተበታተኑትን ሰብስቤ ሥራው በአንድ ቦታ ብቻ እንዲሠራ፣ ሌሎቹ ሁሉ እዚያ ሄደው እንዲጠይቁ አደረግኩ። የምወደው ሥራ ይህ ነው። ብዙ ተሰርዞ ትንሽ ሲጻፍና ፕሮግራሙ ሲቀል፣ ግቢ ጠርጎ ውኃ እንደረጩበት ያለ ደስታ ይሰማኛል።

ችግሩ ከጀመርኩ አላቆምም። ከጎኑ ያለው ክፍል ስሙ አላማረኝም፤ ቀየርኩት። ከሱ በታች ማንም የማይጠራው አሮጌ ክፍል አየሁ፤ ሰረዝኩት። አስተያየቶቹ ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው፤ አረምኳቸው። መሪጌታው ወደ ከተማ ወጥተው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ወደ ገዳሙ ሲመለሱ በመስኮት ብቅ ብለው ቢያዩኝ እኔ እዚያው ነኝ።

«ደረስሽ?» አለች አክስቴ።

«እያጸዳሁ ነው።»

«ሙሽራ በር ላይ ቆማ ታጸጃለሽ? የኔ ዓለም፣ ቪዲዮዬን ስጪኝና ከሰርጉ በኋላ ከፈለግሽ ሐይቁንም ጥረጊው።»

መሪጌታው በመስኮቱ በኩል «እውነቷን ነው» አሉ። ሁለት ቤተ እምነት ከተስማማ ምን እላለሁ? እጄን ሰበሰብኩ፤ የቀረውን ጽዳት ወደ ጎን አቆይቼ ፕሮግራሙን አስኬድኩት።

ስሞቹ ወረዱ። ረጃጅሞቹ፣ አጫጭሮቹ፣ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ዓረብኛ የሆኑት ሁሉ ወረዱ። አልወደቀም። በመጨረሻ ዲስኩ መስተካከሉን የሚናገር አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። እኔና አክስቴ ተቃቅፈን ዘለልን፤ ጎረቤቶች ምን ሆናችሁ ብለው እስኪጣሩ።

ደስታችን ላይ አንድ ጎዶሎ ነበር። ብዙዎቹ ፋይሎች ስማቸውን ይዘው ተመልሰዋል፤ አንደኛው ክፍል ግን ከነማውጫው ተጎድቶ ስለነበር ፋይሎቹ ሲገኙ ስም አልነበራቸውም፤ ፕሮግራሙ ቁጥር እየሰጠ አንድ ቦታ ሰብስቧቸዋል። አክስቴ ቁጥሮቹን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች። «ስማቸውን ቀሙብኝ።»

«እየከፈትን እናየዋለን፤ አንቺ መልሰሽ ስም ታወጪላቸዋለሽ» አልኳት። ሙሽራዋንም እንድታግዘን ጠራናት።

ከውጫሌ ከሰዓት በኋላ መጣች። ስለ እሷና ስለ እናቷ አንድ ነገር ልናገር። ይዋደዳሉ፤ ግን ልጅቷ እናቷን «አንቱ» ነበር የምትለው። የእኔን እናት «አንቺ» ትላለች፣ ትቆጣታለች፣ ቀሚሷን ሳታስፈቅድ ትለብሳለች። የወለደቻትን ግን እንደ እንግዳ ነው የምታከብረው፤ ወንበር ትስብላታለች፣ ስታናግራት ድምጿ ዝግ ይላል። አክስቴ ይህን ታየዋለች፤ አንድም ቀን ግን ቅሬታ ሲወጣት አልሰማሁም።

ሦስታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ መክፈት ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ እኛ የላክናቸው ነበሩ። ሙሽራዋ ራሷን በቁምጣ ስታይ በትራስ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ አንዱን ስከፍት የማላውቀው ቤት መጣ። ሰፊ ነጭ ወጥ ቤት ነው፤ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት አለ። ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ተደግፏል። ፊት ለፊቱ አክስቴ ቆማለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ጭልፋ ይዛለች።

«ልጄ፣ ዛሬ ጁምዓ ነው» አለች በቪዲዮው። «ሰዎቹ ወጥተዋል፤ እኔና ድስቱ ብቻ ነን። ምን እንደሠራሁ ላሳይሽ። ይሄ ሩዝ ነው። በየቀኑ ሩዝ ነው! አንቺ ስትመጪ ሩዝ አላበላሽም፣ ቃሌ ነው። አሁን አምባሰል ልዝፈንልሽ፤ ድምፄ ባያምርም አገሩን እንዳትረሺው።»

«ዝጊው!» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ። «ወላሂ ዝጊው! ይሄ ለሰው የሚታይ አይደለም!» ሻርፗን አውልቃ ስክሪኑ ላይ ጣለችው። ከሻርፑ ስር ዘፈኑ ቀጠለ። እውነት ለመናገር ድምጿ ቆንጆ ነበር፤ ቅላጼው የሚያዘምምበት ቦታ ላይ ሲደርስ እሷም ቀስ አድርጋ ታዘምመዋለች።

ሙሽራዋ እጇን ሰድዳ ሻርፑን ገፈፈች። «ተዪ እንጂ አንቺ! ልየው!»

አንቺ አለቻት። የሰማሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ግን አክስቴ እጇ በአየር ላይ ቀረ።

በቪዲዮው አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ስትዘፍን ከኋላዋ ድስቱ ገነፈለ። ዘፈኑን ሳታቋርጥ ዞረች፣ ጮኸች፣ ክዳኑን ስታነሣ ጣቷን አቃጠላት፣ ስልኩን በክርኗ መታችው፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ጣሪያ ብቻ ነው። የምንሰማው ግን «ያ አላህ፣ ሩዙ! ልጄ፣ እናትሽን ሩዝ ገደላት!» የሚል ድምፅና ሳቅ ነበር። ሙሽራዋ ሆዷን ይዛ ወደ ጎን ወደቀች። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ። በየጁምዓው ቀርጻ፣ ዲስኳ ላይ አስቀምጣ፣ አንዱንም ልካው አታውቅም።

«ለምን አልላክሽልኝም?» አለች ልጅቷ ስትረጋጋ።

አክስቴ ሻርፗን ጭኗ ላይ እያጣጠፈች ነበር። «በደወልኩ ቁጥር እየተጫወተች ነው፣ ደስ ብሏት እየሮጠች ነው ይሉኛል። ጨዋታሽን ለምን ላቋርጥ? ናፍቆትን ከዚያ እዚህ መላክ ምን ይባላል? ለራሴ ተናገርኩት፤ ቀለለኝ።»

«እኔ እኮ ድምፅሽን የማውቀው በስልክ ‹በልተሻል? ተምረሻል?› ሲል ብቻ ነው። እንደምትዘፍኚ አላውቅም።»

«አልዘፍንም። አየሽው አይደል፣ ስዘፍን ሩዝ ይቃጠላል።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከእኔ ወሰደችና ቁጥሩን አጥፍታ ለፋይሉ ስም መጻፍ ጀመረች። እያየኋት ጻፈች፣ ጻፈች፣ አላቆመችም፤ እናቷ ከጎኗ ሆና «እጄ የተቃጠለችውንም ጨምሪ» ትላለች። እኔ ደግሞ ያሰፋሁት ቦታ ይበቃ እንደሆነ በልቤ እያሰላሁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቱ» የሚለውን ቃል ከልጅቷ አፍ አልሰማሁም፤ ይልቁንም በማግስቱ ስለ ቀሚስ ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው።

ማስተካከያዬን ለፕሮግራሙ ኃላፊ ላክሁ። አይቼው የማላውቅ፣ ሩቅ አገር የሚኖር፣ ቃል ቆጥቦ የሚጽፍ ሰው ነው። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ጥገናው ጥሩ ነው፤ ግን ጥገናውንና ጽዳቱን ለያይተሽ ላኪ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም፤ ደግሞም ስህተቱ እንዳይመለስ መፈተኛ ጨምሪ። ትክክል ነበር። ለያየኋቸው። ለመፈተኛው አንድ በጣም ረጅም የአማርኛ ስም አስፈለገኝና አክስቴን ጠየቅኋት።

«ማን ነው የሚያነበው?» አለች።

«ሰው አያነበውም። ፕሮግራሙ በተቀየረ ቁጥር በየአገሩ ያሉ ኮምፒውተሮች እየከፈቱ ይፈትኑታል።»

አሰበችበት። ከዚያ ጎሮሮዋን ጠርጋ፣ የሰው ንብረት የሚጠግኑ እጆች ሁሉ እንዳይደክሙ፣ የጠፋባቸውም እንዲያገኙ፣ ርቆ ያለ እንዲገባ፣ ገብቶ ያለ እንዲሰነብት የሚል ረጅም ምርቃት አስጻፈችኝ። ሲበቃ አቁሚ አልኳት፤ አሚን ሳልል አላቆምም አለች። ኃላፊው ትርጉሙን ጠየቀ፤ ነገርኩት። ያ ቃል ቆጣቢ ሰው መጀመሪያ «ተቀብያለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ «አሚን» ብሎ ጨመረበት።

ሰርጉ ያማረ ነበር። ውጫሌ ባለው የአክስቴ ግቢ ዳስ ተጥሎ፣ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ ታርዶ፣ መሪጌታውም ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጠው ሲስቁ አየኋቸው። በሴቶቹ በኩል ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ዩኒፎርም የሰፋት ልጅ ስትወጣ እናቴ አለቀሰች። የወጥ ቤቱ አምባሰል ሲመጣ ደግሞ ሴቶቹ ተቀብለው አብረው ዘፈኑት፤ ድስቱ የገነፈለበት ቦታ ላይ የተነሣው ሳቅ ወንዶቹን ከዳሱ ማዶ አንገታቸውን አስመዘዛቸው። ሙሽራዋ እናቷን ጎትታ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት።

በማግስቱ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት ከግሸን የሚመለሱ አንዲት እናት ነበሩ፤ የጸበል ጀሪካናቸውን በእግራቸው መሐል ይዘዋል። ስልኬ መልእክት እንደመጣ አሰማ። ከታይላንድ ነው። የማላውቀው ሰው አዲሱን ማስተካከያ ወስዶ ሞክሮ፣ ለወራት እምቢ ያለው የእናቱ ዲስክ ተከፈተለት። የእነሱም ፊደል እንደኛው ሦስት ቦታ ይይዛል። «እናቴ ለፋይሎቿ ረጅም ስም ነው የምትሰጠው» ይላል።

ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

«ኸይር ነው ልጄ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ኸይር ነው እማማ» አልኳቸው፤ ጀሪካናቸው ወደ እኔ ሲያዘምም በጉልበቴ ደገፍኩላቸው።